ቻለው ሆድ ባሰው

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ማለቱን ለዛሬ ተዉት። የመጣሁት በላም ጉዳይ አይደለም። ዛሬ «የውሻ ሆድ» ብላችሁ መልሱልኝ። እስቲ እንሞክረው፤ ተረት ተረት። የውሻ ሆድ። እዚያ ጥግ ያላችሁት ድምፃችሁ አልተሰማም፤ ግን ይሁን፣ እየቆየ ይሞቃችኋል።

ድሮ ነው። ድሮ ስል በጣም ድሮ አይደለም። እንስሳትና ዕቃዎች እንደ ልባቸው ያወሩ ነበር፣ የከብት ሐኪምም ነበረ። ሁለቱ እንዴት ባንድ ዘመን ይሆናል የሚል ካለ ተነስቶ ተረቱን እሱ ይንገረን፣ እኔ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። የለም? በሉ እንቀጥል።

በዚያ ዘመን እትዬ አስካለ የሚባሉ በርበሬ ነጋዴ ነበሩ። በርበሬ ያስቀነጥሳሉ፣ ያሰጣሉ፣ ያስፈጫሉ፣ ገበያ ያወጣሉ። በደጃቸው ያለፈ ሁሉ አስነጥሶ ነው የሚያልፈው። ባላቸውም አማታቸውም ካረፉ ቆይቷል፤ ብቻቸውን ናቸው። ብቻቸውን ስል ሰው የለም ለማለት ነው እንጂ ግቢው ባዶ አልነበረም። አንድ አውራ ዶሮ ነበረ፣ ወሬ የማያሳድር። አንዲት ድመት ነበረች፣ የሌላ ሰው ቦታ ላይ መተኛት የምትወድ። በርበሬውን ተሸክማ ገበያ የምትወጣ አህያ ነበረች። ከዕቃው ደግሞ አንዲት ትልቅ ድስት ነበረች፤ ለበዓል ብቻ ወርዳ ዶሮ ወጥ ትሠራና ዓመቱን ሙሉ መደርደሪያ ላይ ሆና ሌሎቹን ድስቶች ስታማ ትከርማለች።

ከሁሉም በላይ አንድ ሽማግሌ ውሻ ነበረ። ስሙ ቻለው ይባላል። ይችን ስም ልብ በሉልኝ፤ ሁሉ ነገር የመጣው ከሷ ነው።

ቻለው ስሙ ስም መሆኑን አያውቅም ነበር። ትእዛዝ ይመስለዋል። ቡችላ ሳለ ዝናብ ሲመታው እትዬ አስካለ ከቤት ሆነው «ቻለው!» ይላሉ። ዝናቡን ቻለው። እሾህ ወግቶት ሲያነክስ «ቻለው!» ይላሉ። እሾሁን ቻለው። ድመቷ መጥታ የሚተኛበት ኬሻ ላይ ስትዘረጋበት «ቻለው!» ይላሉ። ድመቷንም ቻላት፣ ይህ እንኳ ከሁሉም ይከብዳል። እንዲህ እያለ አረጀ፤ አንድም ቀን አመመኝ፣ በረደኝ፣ ተጠቃሁ ሳይል።

ሁዳዴ ገባ። እትዬ አስካለ ሲጾሙ ቤቱ ሁሉ ይጾማል። ድመቷ አይጥ እየያዘች በድብቅ ትገድፋለች፤ ይህን ደግሞ ሁሉም ያውቃል። ቻለው ግን ለአደን ዕድሜው አልፏል፣ ሽሮ የነካው እንጀራ ከተሰጠው አመስግኖ ይበላል። ሰፈርተኛው «የእትዬ አስካለ ውሻ ጾመኛ ነው» እያለ ያደንቅ ነበር። እትዬ አስካለም ሰው ሲያደንቅላቸው ደስ ይላቸዋል፤ ማን ይጠላል?

ፋሲካ ደረሰ። አውራ ዶሮው በዋዜማው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቢጠሩትም አልሰማም አለ፤ የወረደው ሌላ ዶሮ ተገዝቶ መታረዱን በዓይኑ ካረጋገጠ በኋላ ነው። በግ ታረደ። ድስቷ ወርዳ ዶሮ ወጥ ሠራች። ተበላ፣ ተጠጣ፣ እንግዳ መጣ፣ እንግዳ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ድስቷ ጓሮ ወጥታ እጥበት ስትጠብቅ ፍርሃት ያዛት። በአመድ መታሸት አትወድም። ይቧጭረኛል፣ መልኬን ያበላሸዋል ትላለች። ዞር ስትል ቻለውን አየችው።

መጥቶ እንዲልሳት ለመነችው። ቻለው ሆዱ ሽሮ እንደለመደ፣ ቅቤ ካየ እንደቆየ ነገራት። እሷም ያን ሁሉ ቀን ጾሞ ዛሬ ካልፈሰከ መቼ ሊፈስክ እንደሆነ ጠየቀችው። ከዚያ በስሙ ጠራችው፤ «ቻለው» አለችው።

ስሙ ከተጠራ ምን ያደርጋል? ቅቤውን ላሰው፣ በርበሬውን ላሰው፣ ቁሌቱን ላሰው፣ ከሥር የቀረውን የዶሮ አጥንት ቆረጣጠመው። ድስቷ ታጥባ እንኳ አብርታ እንደማታውቅ አበራች። ቻለውም ቻለው።

በማግስቱ ሆዱ ተናገረ። ጉርር አለ። ቻለው ዝም አለው። ጉርርር አለ። ቻለው ከበርበሬው ጆንያ ኋላ ሄዶ የበላውን መለሰ፣ አፍሮም በእግሩ አፈር አለበሰው። ከዚያ አጥሩ ሥር ተኛ። አላፊ አግዳሚው ሲያልፍ አልጮኸም። ፖስተኛው እንኳ መጥቶ አልጮኸበትም፤ ፖስተኛው ራሱ ቅር ብሎት ሁለቴ ዞሮ አየው።

በሚቀጥለው ቀን ገበያ ነው። እትዬ አስካለ አህያቸውን ጭነው በጠዋት ወጡ። አውራ ዶሮው አጥር ላይ ሆኖ ሲያይ ቻለው ከተኛበት አልተነሳም። ወርዶ መጣና ምን እንደሆነ ጠየቀው። ቻለው በዕድሜው ሙሉ ሕመም ተናግሮ ስለማያውቅ እንዴት እንደሚጀመር ጠፋው። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ።

«ሆዴ ባሰኝ» አለ።

አያችሁ ጥፋቱን? ሆዴን አመመኝ ቢል ተረቱ እዚሁ አልቆ ሁላችንም ወደየቤታችን እንሄድ ነበር። ሆዴ ባሰኝ ሲል ግን እንኳን ዶሮ፣ እናንተም ብትሆኑ ተከፍቷል፣ ተቀይሟል፣ አንጀቱ አዝኗል ነው የምትሉት። ዶሮውም ቀጥሎ የሚመጣውን አልጠበቀም። ወሬ ሲይዝ እግሩ መሬት አይነካም። አጥሩ ላይ ወጣና ክንፉን አራገበ።

«ቻለው ሆድ ባሰው!» ብሎ ጮኸ። «ቻለው ሆድ ባሰው!»

ግቢው ደነገጠ። ሁሉን ችሎ የኖረ ሽማግሌ ዛሬ ሆድ ባሰው ከተባለ የበደለው አለ ማለት ነው። እያንዳንዱ ወደ ራሱ ተመለከተ። የሚገርመው ማንም ማሰብ አላስፈለገውም፤ ሁሉም የበደለውን ወዲያው አገኘው።

መጀመሪያ ድመቷ መጣች። ይቅርታ የሚጠይቅ ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚመጣ፤ እሷም ጠጠር አንገቷ ላይ አድርጋ፣ እንዳትወድቅባት ቀስ እያለች መጣች። ክረምቱን ሙሉ ኬሻው ላይ የተኛችው እሷ መሆኗን፣ እሱ ጭቃ ላይ ሲያድር እያየች የተኛች መምሰሏን ተናገረች። ቻለው ሆዴ ነው እኮ ሊላት ሞከረ። እሷም ሆድህ መሆኑንማ አውቃለሁ፣ አንተ ሆደ ሰፊ ነህ፣ እኔ ነኝ ያጠበብኩብህ አለችው። ከዚያ ከበዓሉ የደበቀችውን ጮማ አመጣች። ታርቆ ያልተቋደሰ ታረቀ አይባልምና፣ እርቁ እንዲጸና ብላልኝ አለች። እምቢ ማለት ነውር ነው። በላ። ሆዱ ከውስጥ ምነው አለው። ቻለውም ቻለው።

ቀጥሎ ዶሮው ራሱ መጣ። እሱም ጠጠር ተሸክሟል፣ ግን የዶሮ አንገት ለድንጋይ አይመችም፤ እየወደቀበት እየመለሰ መጣ። ሽማግሌው ግቢ ሲጠብቅ አድሮ ገና ዓይኑን ከመክደኑ ጆሮው ሥር እየመጣ ሲጮህበት እንደኖረ አመነ። ሌላ ቦታም መጮህ ይችል ነበር፤ ሲደነግጥ ማየት ደስ ስለሚለው ነው። ቻለው አሁንም የሆዱን ነገር ሊያስረዳው ጀመረ። ዶሮው ሆድህ ውስጥ ያለውን ሁሉ አውጥተህ ንገረኝ አለው። ቻለው አውጥቶ ሊያሳየው ጥቂት ነበር የቀረው። ዶሮውም ቅቤ የተነከረች የድፎ ዳቦ ቅርፊት አመጣለት፣ እርቁ እንዲጸና። በላ። ሆዱ ከውስጥ ኧረ ተው አለው። ቻለውም ቻለው።

በመጨረሻ ድስቷ መጣች። እሷ እንኳን ለይቅርታ ለውኃም ከቦታዋ ተነስታ አታውቅም፤ ዛሬ ግን ክዳኗ ላይ ድንጋይ አስጭና፣ ኳ ኳ እያለች በጆሮዎቿ እየተራመደች መጣች። ቻለው የተቀየመው ትርፍራፊ ስላስላስኩት ነው ብላ አስባለች። የተከበረውን ሽማግሌ እንግዳ ከበላ በኋላ ጓሮ ጠርቼ አስላስኩት አለች። ቻለው አሁን ለመናገር አቅም አልነበረውም። ድስቷም የበጉን አጥንት ከነቅልጥሙ አወጣችለት፣ ይኸው ሙሉውን አለችው።

ቻለው አጥንቱን አየና እንባው መጣ። ሦስቱም እርስ በርስ ተያዩ። ዶሮው ልቡ ተነካ አለ። ድመቷ አዎ፣ ቂሙ እየወጣለት ነው አለች። ድስቷ እርቅ እንዲህ ነው አለች። ቻለው ሦስቱ እንደዚያ ቆመው እየጠበቁት ዝም ማለት አልሆንልህ አለው። አንዴ ላሰ። አንዴ ነከሰ።

ሦስቱም አስታረቅን ብለው ደስ አላቸው። ደስታቸው ሳያልቅ ቻለው በጎኑ ወደቀ። ከላይ ያስመልሰዋል፣ ከታች ይፈሰዋል። ምላሱ ደረቀ፣ ዓይኑ ጎደጎደ፣ ራሱን ማንሳት አቃተው። ድመቷ ደንግጣ «ቻለው» አለችው። ጆሮውን አላነሳም። ዶሮው «ቻለው፣ ቻለው» አለ። አልተነሳም። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ቻለው አልቻለውም።

በዚህ ጊዜ አህያዋ ከገበያ ገባች። እትዬ አስካለ ጭነቷን አውርደውላት ወደ ቤት ገቡ። አህያዋ ምን እንደሆነ ጠየቀች። ሦስቱም ባንድ አፍ፣ ቻለው ሆድ ብሶት እንደነበር፣ ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ እንደጠየቁት፣ እርቅ እንደወረደ፣ እሱ ግን ኩርፊያው እንደጸናበት ነገሯት።

አህያዋ አንዲት ነገር ብቻ ጠየቀች። «የት ጋ ነው?» አለች።

ምኑ የት ጋ አሏት።

«የባሰው።»

ይህን የጠየቀ አልነበረማ። አህያዋም የዛሬ ዓመት ከጭነት በታች ጀርባዋ ተልጦ ገጣባ በሆነች ጊዜ ምን ይሏት እንደነበር አስታወሰቻቸው። ዶሮው ሰነፈች ብሎ አውጆባታል። ድመቷ አኩርፋ ነው ብላለች። ድስቷ ዘመኑ የአህያ ኩራት ዘመን ሆነ ብላ መደርደሪያ ላይ አምታታለች። እትዬ አስካለ ዳውላውን አንስተው ጀርባዋን እስኪያዩ ድረስ ማንም የት ጋ ነው አላላትም። ኩርፊያ ቦታ የለውም፣ ሕመም ግን ቦታ አለው አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ያን ረጅም ጆሮዋን የቻለው ሆድ ላይ ለጠፈችው።

ሆዱም ተናገረ። «ተመስገን፣ ጆሮ መጣ» አለ። «እኔ ከማንም አልተጣላሁም። ማንንም አልተቀየምኩም። ታምሜ ነው። የድስቷን ቅቤ ሰጡኝ፣ ሳልጨርስ ጮማ ሰጡኝ፣ ሳልጨርስ ዳቦ ሰጡኝ፣ በላዩ አጥንት ጨመሩብኝ። ስንት ጊዜ ጉርር አልኩ፣ የሚሰማኝ ግን የለም። አሁን ደክሞኛል። እሱም ሊሄድ ነው።»

ይህን ሲሰሙ ድመቷ ጠጠሯን ጣለች። ድስቷ ቀዝቃዛ ሆና ሳለ ላብ አላባት። አህያዋ አላወራችም፤ አንገቷን ወደ ሰማይ አንስታ አናፋች። እንዲያ አናፍታ አታውቅም፤ ጎረቤት ሁሉ ወጣ።

እትዬ አስካለ እጃቸው በርበሬ እንደሆነ ወጡ። በመጀመሪያ እሳቸውም «ቻለው፣ ምነው አኮረፍክ?» አሉ፤ ሰው ነው መቼም። ጠጋ ሲሉ ግን አፍንጫው ደርቋል፣ ድዱ ነጥቷል። ይህ ውሻ ከሞተ ማታ ሲገቡ በሩ ላይ የሚጠብቃቸው የለም፤ ያን ጊዜ ነው ያወቁት። ወዲያው በባዶው የበርበሬ ጆንያ ጠቀለሉትና አህያዋ ላይ አስተኙት። ደክሟት እንደሆነ አህያዋን የጠየቀ የለም፤ እሷም አልጠበቀችም፣ መንገዱን ጀመረች።

የበርበሬ ጆንያ መሆኑን ረስተዋል። ቻለው መንገዱን ሙሉ ሲያስነጥስ ሄደ። እትዬ አስካለ ባስነጠሰ ቁጥር ይማርህ ይሉታል። አህያዋ ደግሞ የሚሞት ውሻ እንዲህ አያስነጥስም እያለች ታጽናናቸዋለች።

የከብት ሐኪሟ ስንዱ ትባላለች። ቻለውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ ድዱን ገለጠች፣ ቆዳውን ቆንጥጣ ለቀቀች፣ ሆዱን ቀስ ብላ ተጫነች። ምን እንደበላ ጠየቀች። እትዬ አስካለ ምንም እንዳልበላ፣ ሁዳዴን ሙሉ ሲጾም የከረመ ውሻ እንደሆነ፣ ምናልባት ሰው ጾመኛ ጾመኛ ሲለው ዓይን ነክቶት እንደሆነ ነገሯት። አህያዋ ራሷን በመስኮት አስገብታ የበላውን ሁሉ ከድስቷ ጀምራ እስከ ቅልጥሙ ዘረዘረችላት። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ሐኪሟ ዓይን አለመሆኑን በደንብ አስረዳቻቸው። ሽማግሌ ሆድ ነው። ሲሳሳ ከርሞ ስቡና ቅቤው ባንድ ጊዜ ሲወርድበት ተቆጣ፣ አንጀቱ አበጠ፣ ውኃው ከሰውነቱ አለቀ። ግሉኮስ ይንጠባጠብለታል፣ መርፌ ይወጋል፣ ሆዱ እንዲያርፍ ይደረጋል። ዛሬ ባያመጡት ኖሮ ነገን አላውቅም አለች። ከዚያ እንዲያው ለመጥራት ስሙን ጠየቀች።

«ቻለው» አሉ እትዬ አስካለ።

ሐኪሟ ቀና ብላ አየቻቸው። «ታዲያ እትዬ፣ እንዴት ብሎ አመመኝ ይበል?» አለቻቸው።

እትዬ አስካለ ሊስቁ ጀምረው አለቀሱ። «ስሙን ለሱ አይደለም ያወጣሁት፣ ልጄ» አሉ። «ባሌ ሞቶ ከአማቴ ጋር ለሁለት የቀረን ጊዜ ነው። እሳቸው ቁጡ ነበሩ፣ እኔም ምላሴ ቅርብ ነው። ሲናገሩኝ መልስ እንዳልሰጥ በር ላይ ወጥቼ ቻለው፣ ቻለው እላለሁ። ውሻ የምጠራ ይመስላቸዋል። ሆዴን ነበር የምመክረው። እሳቸው ዐረፉ፣ ስሙ እሱ ላይ ቀረ።» ከዚያ ጎንበስ ብለው ጆሮው ላይ፣ የኔን ሸክም ነው ስትሸከም የኖርከው አሉት።

መርፌዋ በዚህ መሃል ተዘጋጅታ ቆማ ነበር። ትንሽ ነኝ፣ ቶሎ ነው የምወጣው አለችው፤ እንደዚያ ማለት ሥራዋ ነው። ቻለው እንደልማዱ ጥርሱን ገጥሞ ሊችል ተዘጋጀ። እትዬ አስካለ ራሱን እየደባበሱ «ካመመህ ጩህ» አሉት።

እንዴት? ይፈቀዳል? አያቸው። አዎ አሉት። መርፌዋ ስትገባ ቻለው ጮኸ። እንዴት ያለ ጩኸት መሰላችሁ፤ ያን ሁሉ ዓመት የተቀመጠ ነው። ውጭ ተራ የሚጠብቀው በሬ ብድግ አለ፤ ፍየሎቹ እኛስ ደህና ነን ብለው ሊመለሱ ተነሱ። ቻለው ነገሩ ጣመው። ሁለተኛዋ መርፌ ገና ከሩቅ ስትታይ ጮኸላት።

ግሉኮሱ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ እያለ ወረደ። ዓይኑ መለስ አለ። ሐኪሟም ትእዛዟን ነገረቻቸው፤ እስከ ነገ ምንም እንዳይበላ፣ ውኃ በትንሽ በትንሹ ብቻ፣ ከዚያ በኋላ ባዶ ሩዝ። ቅቤ የለ፣ በርበሬ የለ፣ አጥንት የለ። እትዬ አስካለ ግራ ገባቸው። በበዓለ ሃምሳ እንኳን ውሻ መነኩሴም አይጾምም፣ ሰው ምን ይለኛል አሏት። ሐኪሟ ይህ ጾም አይደለም፣ የሆድ ዕረፍት ነው፣ ሁዳዴን ሙሉ የቻለ ሆድ በፋሲካ ቢያርፍ ምን አለበት አለች። በዚህ ተስማሙ።

ቤት ሲመለሱ ሦስቱ በር ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። አውራ ዶሮው ወዲያው አጥሩ ላይ ወጥቶ አዋጁን አስተካከለ፤ «ቻለው ሆዱን ነው ያመመው! ሆዱን! ሥጋ ይዛችሁ እንዳትመጡ!» ጎረቤቶች ግን ታማሚ ባዶ እጅ አይጠየቅም ብለው አጥንት እየቋጠሩ መጡ። ድመቷ በሩ ላይ ተቀምጣ እግዜር ይስጥልኝ፣ አደርስለታለሁ እያለች ተቀበለች። አላደረሰችም። ለታማሚው ስትል ሁሉንም በላችለት፤ በዚህ ዓይነት መካስ እሷን የሚያህል የለም። ኬሻውን ግን መለሰችለት፤ ያን ማመን አለብን።

ትልቁ ካሣ የድስቷ ነበር። በነጋታው እትዬ አስካለ በአመድ አሿት። አልጮኸችም። ውኃ ጨመሩባት፣ ሩዝ ጨመሩባት፣ ከዚያ ከደኗት። ድስቷ ጠበቀች። ሽንኩርቱስ አለች። የለም አሏት። ቅቤውስ? የለም። ጨው እንኳ? እሱም የለም። የዶሮ ወጥ ድስት ሆና ባዶ ሩዝ መቀቀል ለሷ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፤ እነዚያ ያማቻቸው ድስቶች ከመደርደሪያው ላይ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ክዳኗን ጥብቅ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ቀቀለች። ሩዙ ቀርቦለት ቻለው አንድ ጉርሻ ቀመሰ፣ ቆየ፣ ሆዱን ሰማ። ሆዱ ደህና ነው፣ ጨምር አለው። ሁለተኛ ቀመሰ። ሦስተኛ ቀመሰና ጅራቱ ለራሱም ሳይታወቀው ተወዛወዘ። ድስቷን ቀና ብሎ አይቶ፣ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ የሚጥም ነገር በልቼ አላውቅም አላት። ድስቷ ዶሮ ወጥ ሠርታ ያን ያህል አልተመሰገነችም። ከዚያ በኋላ ስለ ሌሎቹ ድስቶች ክፉ ስትናገር ተሰምታ አታውቅም፤ ቢያንስ ጮክ ብላ።

ቻለው ዳነ። ሲድን ግን የድሮው ቻለው አልነበረም። እትዬ አስካለ ከቤት ሆነው «ቻለው!» ብለው ሲጠሩት እንደድሮው ዘሎ አይነሳም። አንድ ጆሮውን ብቻ ያነሳና «ምኑን?» ይላቸዋል። ዝናብ ከሆነ አልችልም፣ አስገቡኝ ይላል። እሾህ ከሆነ ንቀሉልኝ ይላል። ምንም አይደለም፣ እንዲያው ና ሲሉት ግን ጅራቱን እየቆላ ይመጣል። እትዬ አስካለ ለሰው ሁሉ ውሻዬ በስተርጅና ጥያቄ ጀመረ እያሉ ይስቁ ነበር።

አንድ ቀን ከገበያ ተመልሰው በሩ ላይ ቁጭ አሉ። እጃቸውን አልታጠቡም፣ ነጠላቸውንም አላወለቁም። ቻለው ከኬሻው ተነስቶ መጣና ምን ሆነው እንደሆነ ጠየቃቸው።

«ሆድ ባሰኝ» አሉት።

ቻለው ይህን ቃል ያውቀዋል። ድንጋይ አላነሳም፣ ጉርሻ አላመጣም። «የት ጋ ነው፣ እትዬ?» አላቸው።

እትዬ አስካለ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «እዚህ ጋ» አሉ። «ይገርምሃል፣ አማቴ ትዝ አሉኝ። ዛሬ አምሽቼ ገባሁ፣ የት ቆየሽ ብሎ የሚቆጣኝ ጠፋ።»

ቻለው ራሱን ጉልበታቸው ላይ አሳረፈ። «ይችንማ» አለ፣ «አብረን እንችላታለን።»

እናንተም ሰው ሆድ ባሰኝ ሲላችሁ፣ ድንጋይ ከመሸከማችሁ፣ ጉርሻ ከማንሳታችሁ፣ አጥር ላይ ወጥታችሁም ከማወጃችሁ በፊት ጆሮ ስጡትና የት ጋ ነው በሉት። የሆዱ ከሆነ ሐኪም ያየዋል። የልቡ ከሆነ አጠገቡ ቁጭ በሉ።

በሉ እንግዲህ ተረቴን መልሱልኝ። አፌን በዳቦ አብሱ እንዳልላችሁ የዳቦ ነገር ዛሬ አስፈርቶኛል። ቅቤ ካልነካው ግን አምጡት፤ ለእኔ እንጂ ለውሻው አትቁረሱለት።